ሬጌን እንግሊዝ አገር ያስለመደው ማን ነው? ጥያቄዬና የመጣልኝ መልስ

ባለፈው ክረምት ነው። በ18 ቁጥር አውቶብስ ከሀርልስደን ወደ ዩስተን ስሄድ አንድ ጃማይካዊ አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው እጄን ጨበጥ አድርገው ይዘው ቆዩ። ይሄ ለንደን ለሚኖር ሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነብኝ ቀጥለው ያጫወቱኝ ነው። በ1960ዎቹ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር። ቀን ፋብሪካ ይውላሉ፣ ማታ ስቱዲዮ ያመሻሉ። የሠሩባትን ማታ ሒሳብ በእጃቸው ተቀብለው ይሄዳሉ። ስማቸው ግን አንድም ሸክላ ላይ አልተጻፈም።

ቤቴ ገብቼም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሬጌ እንግሊዝ የገባው በቦብ ማርሊ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሙዚቃ ወዳጆች የምንገናኝበት መድረክ ላይ ጥያቄ ጻፍኩ። ሬጌ እንግሊዝ አገር ሥር እንዲሰድ ያደረገው ማን ነው? ቦብ ማርሊ ነው? የሸክላ ኩባንያዎቹ ናቸው? ወይስ በመርከብ መጥተው፣ ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ የተጫወቱት ስደተኛ ሙዚቀኞች? የራሴንም ግምት አልደበቅሁም። ሙዚቀኞቹ ናቸው አልኩ።

ከሠላሳ በላይ መልስ መጣ። መድረኩን የማይከታተሉ ጓደኞቼ ምን ተባለ ምን ተባለ ስላሉኝ በየቁጥሩ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 የጻፈችው እህት በትሕትና ነው የጀመረችው። ጥያቄውን አመስግና፣ ሬጌን ከቦብ ማርሊ መጀመር ግን አሥር ዓመት መዝለል ነው አለች። ምስክሯ ሚሊ ስሞል ናት። ሚሊ ከጃማይካ ለንደን የገባችው በ1963 ነው፤ ገና ልጅ ነበረች። በዓመቱ «ማይ ቦይ ሎሊፖፕ» የተባለው ዘፈኗ እንግሊዝም አሜሪካም በሽያጭ ሠንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ዘፈኑን ለንደን ውስጥ ያቀናበረው ኧርነስት ራንግሊን የተባለ ጃማይካዊ ጊታሪስት ነው። ያኔ ሬጌ የሚባል ስም ገና አልነበረም። የሚባለው ስካ ነው። እህታችን ለማያውቁ ስትል ዝምድናውን አስረዳች፤ ስካ አያት፣ ሮክስቴዲ እናት፣ ሬጌ ልጅ ብላ።

ቁጥር 2 እከታተላለሁ ብሎ አለፈ።

ቁጥር 3 የጻፉት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። እንግሊዝ ከገቡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ስደተኛ ያልኩትን ቃል አረሙኝ። ከካሪቢያን የመጡት ሰዎች በሕግ ዓይን ስደተኛ አልነበሩም አሉ። የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢዎች ነበሩ። የ1948ቱ የዜግነት ሕግም የቅኝ ግዛቱን ሰው ሁሉ ዜጋ አድርጎታል። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር «ኢምፓየር ዊንድረሽ» የተባለችው መርከብ ቲልበሪ ወደብ ስትደርስ፣ የወረደው ሰው ወደ እናት አገሩ የመጣ ነበር የመሰለው። ከመካከላቸው ሎርድ ኪችነርና ሎርድ ቢጊነር የተባሉ የትሪኒዳድ ካሊፕሶ ዘፋኞች ነበሩ። ኪችነር ከመርከቧ ሳይወርድ ካሜራ ፊት ስለ ለንደን ዘፍኗል። በሩ የተጠበበው በ1962 በወጣው ሕግ ነው። ጋሼ ሲጨርሱ ጥገኝነት ጠይቀን ከመጣነው ከእኛ ጋር አታደባልቃቸው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ከካሪቢያን የመጡ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቁጥር 4 ከሁሉ ያስተማረኝ ነው። የጻፈው ወንድም ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ ላይ ሳውንድ የሚሠራ ልጅ ነው። እኛ ሳውንድ ሲስተም ስንል የሚከራይ ስፒከርና ማይክ ማለታችን ነው አለ። ለጃማይካውያን ግን ሳውንድ ሲስተም ራሱን የቻለ ቤት ነው። ባለቤት አለው፣ ሸክላ መራጭ አለው፣ ማይክ ይዞ ሕዝቡን የሚያነሳሳ አለው፣ ስም አለው፣ ተቀናቃኝ አለው። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያውን ያቆመው ዱክ ቪን ነው። በ1954 ጓደኛውን ካውንት ሳክልን አስከትሎ መርከብ ውስጥ ተደብቆ መጣ። በ1955 ሌድብሮክ ግሮቭ ሰፈር ስፒከሩን አቆመ። ኪንግስተን እያለ ስመ ጥር በሆነ ሳውንድ ላይ ሸክላ መራጭ ነበር፤ ሙያውን ይዞ ነው የተሻገረው።

ቀጥሎ ለምን ወደሚለው ገባ። ያኔ ብዙ አከራይ ጥቁር አላስገባም ይል ነበር። መስኮት ላይ ጽፎ የሚለጥፍም ነበር። የምሽት ክበቡም በር ላይ ይመልሳል። ስለዚህ ሰው ጭፈራውን ቤቱ አደረገው። ምድር ቤት ውስጥ የቤት ዕቃ ይነሳል፣ ስፒከር ይገባል፣ በር ላይ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላል፣ የፍየል ወጥና ሩም ይሸጣል። ብሉዝ ነበር የሚሉት። እስኪነጋ ይቆያል፤ ፖሊስም ይመጣል። ልጁ እንደሚለው የሸክላ ገበያውን የፈጠረው ያ ምድር ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ የሰማውን ሸክላ ሰኞ ሱቅ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ባይኖር ኖሮ ማንም ነጋዴ አያመጣውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔም በመጣሁ ሰሞን የሐበሻ ሙዚቃ የምሰማው ሰው ቤት ነበር። አንዱ ሳሎን ውስጥ፣ ጫማ አውልቀን፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ ድምፁን ቀንሰን። ቁጥር 4ን ሳነብ ያ ሳሎን ነው የታየኝ።

ቁጥር 5 ልጁን አመስግኖ ለጥር 12 ሠርግ ዋጋ ጠየቀው። በውስጥ መስመር ተነጋገሩ።

ቁጥር 6 የኮቨንትሪዋ ናት። ስለ ሪኮ ሮድሪገዝ ጻፈች፣ እኔም ከዚያ ወዲህ ከሪኮ አልተላቀቅሁም። ሪኮ በ1934 ሀቫና ተወልዶ ኪንግስተን ያደገ ትሮምቦን ተጫዋች ነው። የተማረው አልፋ በሚባለው የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት የካቶሊክ መነኮሳት እናቶች ናቸው። የድሃ ልጅ ሰብስበው ሙያ ያስተምራሉ፣ የነሐስ መሣሪያም ያስይዛሉ። ትሮምቦኑን ያሳየው ታላቁ ዶን ድራመንድ ነው። ሪኮ ራስታ ሆነ፣ ዋሬይካ ተራራ ላይ ከካውንት ኦሲ ከበሮ መቺዎች ጋር ኖረ። በ1961 መጨረሻ፣ በሩ ከመጥበቡ በፊት፣ እንግሊዝ ገባ።

ከዚያ ፋብሪካ። ማታ ማታ ግን ጠሪ አላጣም። በ1967 ዳንዲ ሊቪንግስተን የሚባል፣ በልጅነቱ ከኪንግስተን ለንደን የመጣ ዘፋኝ፣ ለአስቸጋሪ ጎረምሳ ምክር የሆነች ዘፈን ሲያወጣ ትሮምቦኑን የነፋው ሪኮ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በ1979 ኮቨንትሪ ውስጥ ዘ ስፔሻልስ የሚባል የነጭና የጥቁር ወጣቶች ባንድ ስሙ ወጣ። ሊንቫል ጎልዲንግና ኔቪል ስቴፕል ጃማይካ የተወለዱ ናቸው። ይቺኑ የዳንዲን ዘፈን እንደገና ሠሯት። ትሮምቦን ላይ ማን ይምጣ? ያው ሪኮ። ልጆቹ ቅጂውን ከመሥራት አልፈው ሰውየውን ፈልገው አመጡት። በ1981 አንደኛ የወጣው «ጎስት ታውን» ላይም እሱ አለ።

እህታችን እንዳለችው የኮቨንትሪ ሰው ያቺን ትሮምቦን ሲሰማ የገዛ ከተማውን ድምፅ ነው የሚሰማው። የጃማይካ ብሎ አያስብም። ሥር መስደድ ማለት ይሄ ነው ብላ ጨረሰች። ሪኮ በ2007 ከንግሥቲቱ የክብር ሜዳሊያ ተቀበለ። በ2015 ዐረፈ።

ቁጥር 7 የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የአልፋን ትምህርት ቤት ሲያነብ አርባ ልጆች ትዝ አሉት። እኛም አገር የማርሽ ባንድን ያስለመዱት በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ናቸው አለ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደርሷል። ዛሬ የማርሽ ባንድ ሲያልፍ ይሄ የአርመን ነው የሚል ኢትዮጵያዊ የለም። ከርዕሱ የወጣ ይመስላል፣ ግን አልወጣም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም አንቱ፣ እርስዎ፣ ወንድሜ፣ እህቴ እያለ ነበር። ቁጥር 8 ላይ ነገሩ ከረረ። የጻፈው ሰው ነጋዴ ነው፣ እንደ ነጋዴም ነው የተናገረው። ሙዚቀኛ ሁልጊዜም አለ አለ። የሚጠፋው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ነው። ክሪስ ብላክዌል አይላንድ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ ኩባንያውን በ1962 ለንደን ባያመጣ፣ ሸክላውን መኪናው ላይ ጭኖ የካሪቢያን ሰዎች ያሉበት ሰፈር ሱቅ ለሱቅ ባይዞር፣ ሚሊን ባያመጣ፣ ሪኮም ትሮምቦኑን ፋብሪካው ደጃፍ ላይ ይነፋ ነበር። እኔን ደግሞ አንተ ብሎኝ፣ አውቶብስ ላይ በሰማኸው ወሬ ታሪክ አትጻፍ አለኝ። ትንሽ ከነከነኝ። ያዛውንቱን ነገር ወሬ ማለቱ ነው የከነከነኝ፤ እኔን ቢለኝ ምንም አልነበረም።

ቁጥር 9 በደቂቃ ውስጥ መለሰለት፣ እሱም አንተ ብሎ። ገንዘብ አውጪው ሁሉ ፈረንጅ መሰለህ ወይ ነው ሐሳቡ። በ1968 ትሮጃን ሬከርድስን ከብላክዌል ጋር ያቆመው ሊ ጎፕታል ማነው? ጃማይካ የተወለደ፣ ዘሩ ከሕንድ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ ነው። የጀመረውም ብላክዌል ቢሮ የተከራየበት ሕንፃ ባለቤት ሆኖ ነው፤ አከራይና ተከራይ ነበሩ። ስለዚህ ነጋዴውም ከካሪቢያን የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቁጥር 8 ትክክል ነው ብዬ የማምንበት ነገር አለ። ብላክዌል ለሙዚቃው ደክሟል። ሱቅ ለሱቅ መዞሩ እውነት ነው። ግን ሰፈሩ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠብቀው ጆሮ ባይኖር ኖሮ ያ መኪና ጭነቱን ይዞ ይመለስ ነበር።

ቁጥር 10 ሊያስታርቅ ሞከረ። የቦብ ማርሊና የዌይለርስን «ካች ኤ ፋየር» አነሳ፤ የ1973ቱን አልበም። ኪንግስተን የተቀረጸው ለንደን መጥቶ ተጨመረበት። ጊታሩን ዌይን ፐርኪንስ የሚባል የአላባማ ሰው፣ ኪቦርዱን ራቢት የሚሉት የቴክሳስ ሰው ጨመሩ። የሮክ ሙዚቃ የለመደ ነጭ ጆሮ እንዲቀበለው ነው። ስለዚህ ኩባንያውም ያለ እንግዳ ሙዚቀኛ አልቻለም፣ ሙዚቀኛውም ያለ ኩባንያ እዚያ አይደርስም ነበር አለ። ማንም አልታረቀም።

ቁጥር 11 ሀርልስደን አካባቢ ጥሩ የጤፍ እንጀራ የት እንዳለ ጠየቀ። ቁጥር 12፣ 13 እና 14 ስለ እንጀራ ናቸው። እዘላቸዋለሁ።

ቁጥር 15 ላይ ጋሼ ተመለሱ፣ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር። የጻፉት ስለ ስኪንሄዶች ነው። በ1980ዎቹ ሊድስ ውስጥ አንድ ሌሊት ፀጉራቸውን የተላጩ ጎረምሶች አሳድደዋቸዋል። አንድ ሱቅ ውስጥ ገብተው ነው የተረፉት። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የመጀመሪያዎቹ ስኪንሄዶች በ1969 የሚጨፍሩት በሬጌ እንደነበር የሰሙት። አላመኑም። ሄደው ጠየቁ፤ እውነት ሆነ። የነጭ ላብ አደር ልጆች ከጃማይካ ልጆች ጋር አንድ ሰፈር፣ አንድ ትምህርት ቤት አድገዋል። ሸክላውንም አብረው ገዝተዋል። ጃማይካዊው ዘፋኝ ዴዝሞንድ ዴከር በሚያዝያ 1969 «ኢዝራኤላይትስ»ን ይዞ አንደኛ የወጣው በእነሱም ገንዘብ ነው። ከዚያ ፋሽኑ ለዘረኞች ተላልፎ ተሰጠ። ጋሼ የጠየቁት ይሄን ነው፤ የሰውን ሙዚቃ ወደህ ሰውየውን እንዴት ትጠላለህ? መልስ አልጠበቁም መሰለኝ። ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ቁጥር 16 የበርሚንግሃም ወንድም ነው። ዝምታውን እሱ ሰበረው። ሀንድስወርዝ ሰፈር ነው የሚኖረው። ስቲል ፐልስ በ1975 ከዚያ ተነሳ፤ የካሪቢያን ወላጆች ልጆች ናቸው። በ1987 የሬጌ ግራሚ ሲወስዱ ከጃማይካ ውጭ ላለ ባንድ የመጀመሪያው ነበር። ወንድማችን የበለጠ የጻፈው ግን ስለ ሳክሳ ነው። ሳክሳ ጃማይካ የተወለደ፣ በርሚንግሃም የኖረ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ዘ ቢት የተባሉት ልጆች ወደ ባንዳቸው ሲያስገቡት ወደ ሃምሳ ዓመት ይጠጋ ነበር፣ እነሱ ገና ሃያን መሻገራቸው ነው። አባታቸው የሚሆን ሰው ማለት ነው። ብዙ ዓመት በየመጠጥ ቤቱ ሲነፋ የኖረ ሰው በስተርጅና ቴሌቪዥን ላይ ወጣ።

ቁጥር 17 የዩቢ ፎርቲን ስም አነሳች። «ሬድ ሬድ ዋይን» በ1983 አንደኛ ወጣ። ዘፈኑ መሠረቱ የአሜሪካዊው ኒል ዳይመንድ ነው። ወደ ሬጌ ያዞረው ግን ቶኒ ትራይብ የሚባል ጃማይካዊ ነው፣ በ1969። ዩቢ ፎርቲዎች የሚያውቁት የእሱን ነበር። የባንዱ ስም ከሥራ አጦች ቅጽ የተወሰደ መሆኑንም ጨመረች።

ቁጥር 18 ላይ አንድ ልጅ አስዋድ የሚባለው የለንደን ባንድ ስሙ አማርኛ ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥር 19 አረመው፤ ዓረብኛ ነው፣ ጥቁር ማለት ነው። ልጁ አልተሸነፈም። አስዋድ ባይሆን «ሳታ ማሳጋና» አማርኛ ነው አለ። እዚህ ላይስ ልክ ነው። የአቢሲኒያንስን ዘፈን ማለቱ ነው፤ ኪንግስተን ውስጥ በ1969 የተቀረጸውን። ከዚያ ሰዋስው ተጀመረ። ቁጥር 20 ሰጠና አመሰገነ የሚሉት ግሦች እንዳሉ ተወስደዋል፣ እነሱ ምስጋና ስጡ ለማለት ፈልገው እሱ ሰጠ፣ አመሰገነ ሆኖባቸዋል አለ። ቁጥር 21 ተቆጣች። ከሩቅ ሆነው በቋንቋችን ያመሰገኑ ሰዎች ላይ የግስ እርባታ መፈተሽ ነውር ነው አለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ያ ክርክር ወደ ሌላ ወሰደን። ቁጥር 22 ሬጌ የኛ ነው አለ። ቃሉ ከኛ፣ ቀለሙ ከኛ፣ ንጉሡ ከኛ፣ ሻሸመኔ ከኛ። ይሄን የሚለው ብዙ ነው፣ ከፍቅርም ነው። ግን ቁጥር 23 የመለሰችው ጠንከር ያለ ነበር። ሬጌ የሠራተኛ ሰው ሙዚቃ ነው አለች። ኪንግስተን የወለደችው፣ ለንደንና በርሚንግሃም ያሳደጉት። ስማችንን በክብር ስለጠሩ ባለቤት አንሆንም። ይልቅ ስንቶቻችን የጃማይካ ጎረቤታችንን ቡና ጠርተን እናውቃለን ብላ ጠየቀች። ብዙ ሰው ላይክ አደረገላት። ቁጥር 22 በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ ልክ ነሽ እህቴ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በመድረካችን ብዙ ጊዜ አይታይም።

ቁጥር 24 ከቺካጎ ነው። የእንግሊዝን ወሬ ትቶ ስለ ዳሎል ጻፈ። ዳሎል ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ቺካጎ ያቆሙት የሬጌ ባንድ ነው። ቤዝ የሚጫወተው ዘለቀ ገሠሠ ነው። በ1986 በክላርክ ጎዳና፣ ከሪግሊ ፊልድ ስታዲየም ብዙ ሳይርቅ፣ ዋይልድ ሄር የተባለውን የሬጌ ክበብ ከፈቱ። እስከ 2011 እዚያ ቆየ። ሃያ አምስት ዓመት ማለት ነው። ቺካጎ ውስጥ ሬጌ መስማት የፈለገ ሰው የሚሄደው ሐበሾች ቤት ነበር። በ1988 ዚጊ ማርሊና ሜሎዲ ሜከርስ «ኮንሸስ ፓርቲ»ን ሲያወጡ አጃቢው ዳሎል ነው። አልበሙ በ1989 ግራሚ ወሰደ። የቦብ ልጅ ስለ አፍሪካ ሲዘፍን ከኋላው የሚጫወቱት የእኛ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ቁጥር 22 እና 23 ሁለቱም ይሄን ይስሙ አለ የቺካጎው ሰው። እኛ ሬጌ ውስጥ ቦታ ያገኘነው ስማችን ስለተጠራ ብቻ አይደለም። ቤዝ ይዘን ስለሠራን ነው። ይሄ መልስ ከሁሉ አስደሰተኝ። አንድ ሰው ጥያቄው ስለ እንግሊዝ ነው ብሎ ቅሬታ አሰማ፤ ቁጥር 25 እሱ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው ያው ነው። ጃማይካዊው ለንደን፣ ሐበሻው ቺካጎ። ሁለቱም በሰው አገር የሰው በር ከፍተዋል።

ቁጥር 26 ከኔታንያ የጻፈች እህት ናት። ዝቩሎን ደብ ሲስተም የሚባለውን የቴል አቪቭ ባንድ ጠቀሰች። ዘፋኛቸው የነበረው ጊሊ ያሎ ኢትዮጵያ የተወለደ ነው። በ2014 «አንበሳ ደብ» ብለው የኢትዮጵያን ዘፈኖች በሬጌ አወጡ። ለቤተ እስራኤል ልጆች በአማርኛ መዝፈን የሚያኮራ ነገር እንዲሆን ረድቷል አለች። አጭር ነበረች፣ ብዙ ብትጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ቁጥር 27 ላይ ቁጥር 1 ተመልሳ መጣች፣ ተቆጥታ። ሃያ ስድስት መልስ አንብቤ ከሚሊ በቀር የሴት ስም አላየሁም አለች። ላቨርስ ሮክ የት ሄደ? ይሄኛው ሬጌ ከጃማይካ የመጣ አይደለም፣ እዚያው ለንደን የበቀለ ነው። የፍቅር ዘፈን ነው። የዘፈኑት በአብዛኛው ሴት ልጆች ናቸው፣ የጃማይካ ወላጆች የወለዷቸው የለንደን ልጆች። ጃኔት ኬይ በ1979 በ«ሲሊ ጌምስ» ሁለተኛ ወጣች። ዘፈኑን የደረሰው ዴኒስ ቦቬል ነው፣ ከባርቤዶስ በ12 ዓመቱ የመጣ። ቦቬል ማቱምቢ የሚባል ባንድ ነበረው፣ ሳውንድ ሲስተምም ነበረው። በ1974 አንድ የሳውንድ ውድድር ላይ ፖሊስ ገብቶ ረብሻ ተነሳና ታሰረ። ስድስት ወር ከታሰረ በኋላ በይግባኝ ነፃ ወጣ። የገጣሚውን የሊንተን ክዌሲ ጆንሰንን ግጥሞች ከሬጌ ጋር ያዋሐደውም እሱ ነው። እህታችን ማለት የፈለገችው ግልጽ ነው። ወንዶቹ ስፒከር ተሸክመው ሲጣሉ፣ ለሁለተኛው ትውልድ የራሱን ድምፅ የሰጡት ልጃገረዶቹ ናቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥያቄዬን ስጽፍም ሙዚቀኛ ስል ወንድ ነበር የታየኝ።

ቁጥር 28 የቀድሞው ነጋዴያችን ቁጥር 8 ነው። በቁጥር 27 ላይ የሚለው አልነበረውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ ያንን ሽማግሌ በእርግጥ አግኝተሃቸዋል ወይ አለኝ። አግኝቻቸዋለሁ አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ቁጥር 29 ጋሼ ናቸው፤ ቀልባቸው ተመልሷል። ባዝ ከተማ የሚገኘውን ፌርፊልድ ሀውስን ሄዳችሁ እዩ አሉ። ንጉሡ በስደት ከ1936 እስከ 1940 የኖሩበት ቤት ነው። ዛሬ ራስታዎች ይሰበሰቡበታል። ጋሼ ባለፈው ዓመት ሄደው ከበሮ ሲመታ ደረሱ። ከግቢው ጥግ ቆመው እንዳለቀሱ ጻፉ። ስደተኛ ለሚለው ቃል ለምን እንደሚጠነቀቁ ያኔ ገባኝ።

ቁጥር 30 የሰው ፎቶ ለጥፎ አስተዳዳሪው አነሳበት።

ቁጥር 31 ወደ አዛውንቱ መለሰን። የጻፈው ልጅ ሀርልስደን ያደገ ነው። ሲማሮንስን ታውቃላችሁ ወይ አለ። በ1967 እዚያው ሀርልስደን የተመሠረተ ባንድ ነው፤ ጃማይካ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ ወጣቶች። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው የሬጌ ባንድ የሚባለው እሱ ነው። ከጃማይካ ዘፋኝ ሲመጣ ባንዱን ይዞ አይመጣም፣ ትኬቱ ውድ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ከኋላው የሚቆሙት እነሱ ነበሩ። ሰው ያጨበጨበው ለዘፋኙ ነው። ልጁ አዛውንትህ የሲማሮንስ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም አለ። ያኔ በየሰፈሩ እንደዚያ የሚያጅብ ሰው ሞልቶ ነበር። ባንድ ያልመሠረተ፣ ማታ ማታ ብቻ የሚጠራ። ጥያቄህ ስለነሱ ከሆነ መልሱን ከመጽሐፍ አታገኘውም፣ ጠይቃቸው አለኝ።

ቁጥር 32 የኮቨንትሪዋ ጨመረችበት። ስማቸውን ሸክላ ላይ ከመፈለግ የአንድ ዘፈን ርዕስ ይንገሩህ አለች። አንድ ርዕስ ካገኘህ ስቱዲዮው ይገኛል፣ ስቱዲዮው ከተገኘ አብረው የነበሩ ሰዎች ይገኛሉ። ሪኮም ቢሆን ስሙ የወጣው ልጆች ከሸክላው ጀርባ ማን አለ ብለው ስለጠየቁ ነው።

ያን ቀን ርዕስ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸው ዌስትቦርን ፓርክ አካባቢ ወረዱ፣ እኔ እስከ ዩስተን ሄድኩ። ሐሙስ ነበር፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። አሁን ሐሙስ ሐሙስ በዚያው ሰዓት 18 ቁጥርን እየያዝኩ ነው። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ሀርልስደን የምትኖሩ፣ ቡናማ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ሲናገሩ በጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ቤዝ የሚመቱ አዛውንት ካያችሁ፣ ኢትዮጵያዊው ልጅ ይፈልጎታል በሉልኝ።